እሷ አይደለችም

ይህችን ዐረፍተ ነገር በአንድ ሳምንት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ ሰማኋት ልቆጥር አልቻልሁም። የመጀመሪያዋን ግን አስታውሳለሁ። ከቦሌ ወደ መገናኛ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበርሁ። ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ስለ አንዲት የጋራ ወዳጃቸው ያወራሉ። «እኔ የማውቃት እንዲህ አልነበረችም» ትላለች አንደኛዋ፤ «አነጋገሯም አረማመዷም የእሷ አይደለም።» ሁለተኛዋ እንደ ማጽናናት እያደረጋት «ምን ታደርጊዋለሽ፣ እሷ አይደለችም» አለቻት። በድምፃቸው ውስጥ የእውነት ቅሬታ ነበረ። ያች ወዳጃቸው ከባሏ ተጣልታ፣ ወይም ከዐረብ አገር ሌላ ሰው ሆና ተመልሳ ይሆናል ስል አሰብሁ። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ ወሬው ተቋረጠ፤ ሲቀጥል «በዛብህስ ቢሆን!» የሚል ሰማሁ። ያን ጊዜ ገባኝ። ወዳጃቸው ሰብለ ወንጌል ናት።

ጊዜው 2016 ዓ.ም. አልቆ 2017 የሚገባበት ሰሞን ነበር። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በሰውመሆን ይስማው አዘጋጅነት ተከታታይ ድራማ ሆኖ በኢቢሲ መታየት ጀምሮ ነበር። (የመብት ጥያቄም ተነሥቶ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር፤ እርሱን ለሕግ ዐዋቂዎች እተዋለሁ። የእኔ ጉዳይ ከተመልካቹ ጋር ነው።)

የምሠራው ቦሌ፣ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ጀምሮ፣ በመስኮቴ ፊት ከዶላር በቀር ሌላ ወሬ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ድራማው በታየ ማግሥት ግን ዶላር ለአንድ ጠዋት ዐረፍ አለ። አንድ ሽበታም ደንበኛ ቼካቸውን በመስኮቱ አሳልፈው ሰጡኝና «የጎጃም ሰው እንዲህ አይናገርም» አሉ፤ ለእኔ ይንገሩኝ ለቼኩ ግልጽ አልነበረም። ከእርሳቸው ኋላ የቆሙ እናት «ተዉ እንጂ ጋሼ፣ ልጆቹ ደክመዋል» ሲሉ ተከራከሯቸው። ወረፋው ለሁለት ተከፈለ። ከብድር ክፍል የመጣ ባልደረባዬ ፋይል እንደ ታቀፈ ቆሞ «እኔ የማልቀበለው ፊታውራሪ መሸሻን ነው፤ ድምፃቸው ይህ አይደለም» አለ። የበራችን ጥበቃ፣ ነገር ሳያጣሩ የማያልፉ ሰው ናቸውና፣ «ድምፃቸውን አንተ የት ሰማኸው?» ብለው ጠየቁት።

«ከወጋየሁ ነዋ!»

ይህች መልስ ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ገንዘብ እየቆጠርሁ፣ ማኅተም እየመታሁ አስባታለሁ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ያነበበው ብዙ ነው፤ የሰማው ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። በደርግ ዘመን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው ያልሰማ የዚያ ዘመን ሰው ማግኘት ይከብዳል። እኔና የብድር ክፍሉ ባልደረባዬ በዚያን ጊዜ ገና አልተወለድንም፤ ትረካው ግን በካሴት ተባዝቶ፣ ኋላም በኢንተርኔት ተጭኖ እኛም ዘንድ ደረሰ። አንብበነዋል ብለን የምንምል ብዙዎቻችን በእርግጥ የሰማነው ነን። ዐይናችን በገጹ ላይ ሲሄድ እንኳ በውስጣችን የሚያነብልን ወጋየሁ ነው።

አሁን እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር አብረን እንመልከት። ወጋየሁ ለብቻው ሁሉንም ነበረ። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ እርሱ ነው፤ ወይዘሮ ጥሩአይነት ሲናገሩ እርሱ ነው፤ ቦጋለ መብራቱም ውድነሽ በጣሙም እርሱ ነው፤ ጉዱ ካሳ ሲራቀቅ እርሱ ነው። ሰብለ ወንጌልም እርሱ ነው። የዚያች ወጣት የልቧ ሹክሹክታ በአንድ ጎልማሳ ወንድ ጉሮሮ ውስጥ አልፎ ወደ አገሩ ሁሉ ጆሮ ደረሰ። እና ያን ጊዜ «እሷ አይደለችም» ያለ ሰው ስለመኖሩ ሰምቼ አላውቅም። ዛሬ እውነተኛ ወጣት ሴት፣ የራሷ ፊትና የራሷ ድምፅ ያላት፣ ስትቀርብልን ግን ወረፋው በሙሉ አላወቃትም።

ምክንያቱ የወጋየሁ ችሎታ ብቻ አይመስለኝም፤ ችሎታውን የሚጠራጠር ባይኖርም። ድምፅ ፊቱን ለእኛ ይተውልናል። የሰብለን አንገት፣ የቤቱን ጨለማ፣ የማንኩሳን ኮረብታ የሠራነው እኛው ነን። እኔ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ለሰብለ ወንጌል ግጥም ጽፌላት ነበር (ግጥሙ ዛሬ የለም፤ ለአንባቢም ለእኔም በጎ ሆነ)፤ የግጥሟ ሰብለ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኮተቤ ከእኛ አጥር ወዲያ ትኖር የነበረች፣ ዩኒፎርሟ ላይ ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ የሚጎድላት ልጅ ነበረች። ቴሌቪዥን ሲመጣ እነዚያን ሁሉ ሰብለዎች በአንድ ሌሊት ከሥራ አሰናበተ። ታክሲ ውስጥ የሰማሁት የሐዘን ድምፅ ምናልባት የዚያ ስንብት ነበር።

ከሁላችን በዕድሜ የምታንስ፣ ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰች ሁለት ዓመት ያልሞላት አንዲት ባልደረባችን አለች። ምሳ ላይ ሁላችንም ስንጨቃጨቅ ዝም ብላ ቆየችና «እኔ መጽሐፉንም አላነበብሁ፣ ትረካውንም አልሰማሁ፤ ስለዚህ ደስ ብሎኝ አየሁት» አለች። «ለእኔ ሳይንስ ፊክሽን ነው። ሰው አጥንት እየቆጠረ ልጁን ሳይድር የሚያስቀርበት፣ ገበሬ ያመረተውን ተሸክሞ ሄዶ እጅ ነሥቶ የሚያስረክብበት ሌላ ፕላኔት።»

ሳቅንባት። እኔ ግን ከሳቁ በኋላ ትክክል እንደ ሆነች ጠረጠርሁ። ሐዲስ መጽሐፉን ሲያሳትሙ አንባቢው ያንን ፕላኔት በመስኮቱ ያየው ነበር፤ ጭሰኛው ገና ጭሰኛ ነው፤ ባላባቱ ገና ባላባት ነው። የፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎች አበጀ በለውን ይዘው ሲነሡ ያነበበ የ1958 ሰው፣ የሚነበብለት ነገር ነገ ጠዋት ሊሆን የሚችል ነገር ነው። መሬት ለአራሹ የሆነበት ዐዋጅ የወጣው ከዚያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1967 ነው። ወጋየሁ ሲተርክ የሰማው ሰው እንግዲህ የጉዱ ካሳን ንግግር የሰማው እንደ ተፈጸመ ትንቢት ነው። ዛሬ በኮንዶሚኒየም ሳሎን ተቀምጣ የምታየው የእኛ ባልደረባ ደግሞ እንደ ማርስ ታየዋለች። አንድ መጽሐፍ፣ ሦስት ዓይነት ሰሚ። ጉዱ ካሳ ራሱ በልጅቱ ዐይን ቢታይ ከነገ የመጣ ሰው ነው፤ የሚናገረው ሁሉ ገና ያልሆነ ዘመን ነገር ስለ ሆነ በዙሪያው ያሉት እብድ አሉት። የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲያን ለዚህ ዓይነቱ ሰው ብዙ ማሽን ሠርተውለታል፤ ሐዲስ ያለ ማሽን አመጡት።

ልጅቱ በዚያ ቃሏ ያላሰበችውን ሌላ በርም ከፈተችልኝ። እንግሊዛዊው ኤች. ጂ. ዌልስ በ1898 እ.ኤ.አ. «የዓለማት ጦርነት» የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ፤ ከማርስ የመጡ ፍጥረታት አገሩን ሲወሩ የሚተርክ ነው። ይህም መጽሐፍ እንደ እኛው በሬዲዮ አለፈ። በኦክቶበር 30 ቀን 1938 ኦርሰን ዌልስ የተባለ የ23 ዓመት አሜሪካዊ ወረራውን ከእንግሊዝ ወደ ኒው ጀርሲ አዛውሮ በዜና መልክ አቀረበው። አገር ተሸበረ ተባለ፤ ሽብሩን አብዝተው ያጋነኑት ጋዜጦቹ እንደ ነበሩ ኋላ የመረመሩ ሰዎች ጽፈዋል። በኢኳዶር ዋና ከተማ በኪቶ በፌብሩዋሪ 1949 የሆነው ግን ማጋነን አያስፈልገውም። እዚያም ያው ታሪክ የኪቶ ሰፈሮችን ስም ይዞ በሬዲዮ ተላለፈ፤ ሕዝቡ ደንግጦ ወደ ጎዳና ወጣ። ድራማ መሆኑ በተነገረው ጊዜ ግን ድንጋጤው ወደ ቁጣ ተለወጠና የሬዲዮ ጣቢያውን ሕንፃ አቃጠለ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ልብ በሉ፤ የኪቶ ሰዎች ቤት ያቃጠሉት ማርሳውያን ስለ መጡ አልነበረም፤ ስላልመጡ ነው።

ከዚያ ወዲህ ታሪኩ ፊልም ሆኖ በ1953 ወደ ካሊፎርኒያ፣ በ2005 እንደገና ወደ ኒው ጀርሲ ተወሰደ። መጽሐፉን የሚወዱ ሰዎች አንድ ቀን በአገሩና በጥንቱ ዘመን እንዲሠራላቸው ሲመኙ ኖሩ። በ2019 ቢቢሲ በሦስት ክፍል ሠራው፤ ፈረስ ጋሪው፣ ባርኔጣው፣ የእንግሊዝ ገጠሩ ሁሉ ተመለሰ። አሁንም ያልወደዱት ብዙ ነበሩ። ለአንዱ የሴቲቱ ታሪክ ከመጽሐፉ ውጭ ጎልቶበታል፤ ለሌላው ከጦርነቱ በኋላ ያለው ቀይ ምድር በየመሐሉ እየገባ ትረካውን ሰብሮበታል። ይህን የተመልካቾች ቅሬታ ሳነብ ያሳቀኝ አንድ ነገር ነው፦ ማርሳዊ አይቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ሆኖም ማርሳውያኑን አይተው «እነርሱ አይደሉም» ያሉ ነበሩ። የእኛዎቹን የታክሲ ሴቶች እነዚህ እንግሊዞች ቢያገኟቸው ያለ አስተርጓሚ ይግባቡ ነበር።

ስለ ድራማው የራሴን ፍርድ ካልተናገርሁ ጨዋታው ጎደሎ ይሆናል። እኔ ከሚያጣጥሉት ወገን አይደለሁም። መጽሐፉ ረጅም ነው፤ ግማሹ ማሰብ ነው፤ ሐሳብ ደግሞ ለካሜራ አይመችም። ያለቀሰ ሰው ይታያል፤ ለምን እንዳለቀሰ ለራሱ የሚናገረው ሰው ግን አይታይም። ወጋየሁ ይህንን ሐሳብ በትንፋሹ ርዝመት ያስተላልፈው ነበር። በአንጻሩ ስሰማ ኖሬ ልብ ያላልሁትን ነገር በድራማው አይቻለሁ፦ ማን ተቀምጦ ማን እንደሚቆም። ጌታው ሲናገር የቆመው ሰው ምን ያህል ጊዜ እንደ ቆመ ጆሮ አይቆጥርም፤ ዐይን ግን ይደክመዋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ድራማው ባይሠራ ኖሮ ሰብለን ሳትሆን የቆሙትን ሳላያቸው እሞት ነበር።

ወደ ቤቴ ልመለስ። የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ከአባቴ ጋር ነው። አባቴ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ሾፌር ነበረ። የዓይን ግፊት የሚባለው በሽታ ብርሃኑን ቀስ በቀስ ወስዶበት አሁን መስኮቱ የት እንዳለ ብቻ ያውቃል። ስለዚህ በእኛ ቤት ቴሌቪዥን የሚሰማ ነገር ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከወጋየሁ አፍ በየሳምንቱ ጠብቆ የሰማ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ከእናቴ ጋር ኮተቤ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ሬዲዮ የነበራቸው የቤቱ ባለቤት ብቻ ነበሩ። ትረካው ሲጀመር ሬዲዮውን በመስኮቱ ደፍ ላይ አውጥተው ያስቀምጡታል፤ ተከራዩ ሁሉ ግቢው ውስጥ በርጩማና በጀሪካን ላይ ይቀመጣል። «ዝናብ ቢመጣ እንኳ የሚነሣ የለም» ይለኛል አባቴ። እናቴ ሽንኩርት ትልጥ ነበር አሉ፤ ስታለቅስ በሽንኩርቱ እንድታሳብብ። እናቴን ያጣናት እኔ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው።

ሁለተኛው ክፍል በተላለፈ ምሽት አባቴ ሶፋው ጫፍ ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ። እኅቴና ልጆቿ መጥተው ነበርና ሳሎኑ ሞልቷል። የተለመደው ክርክር ተነሣ፤ እኅቴ «እሷ አይደለችም» ብላ ጀመረች፤ ልጆቿ ማን እንደ ሆነች ስላላወቁ አላገባቸውም። አባቴ እጁን አንሥቶ ዝም አሰኘንና ወደ እኔ ዞረ።

«ምን ትመስላለች?»

ልነግረው ሞከርሁ። ጠይም ናት፣ ቀይ ናት ለማለት የሚከብድ መልክ አላት አልሁ፤ ዐይኖቿን ነገርሁት፤ አቀማመጧን ነገርሁት። ግጥም እጽፋለሁ የሚል ሰው አንዲት ሴት ፊቱ ተቀምጣ ሳለ ቃል ሲያጥረው ያሳፍራል። አባቴ ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝና «ጠባሳዋስ?» አለ።

«የምን ጠባሳ?»

«ከግራ ቅንድቧ በላይ ያለችው። ትታያለች?»

ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብዬ አየሁ። «አትታይም፣ አባዬ።»

«እንግዲያስ እሷ አይደለችም» አለና ወደ ኋላ ተደገፈ። ሌላ አልጠየቀም።

እንግዶቻችን ከሄዱ በኋላ መጽሐፉን አወጣሁ። የእኔ ቅጂ ጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር የተያዘ ነው። ሰብለ ወንጌል የምትገለጽባቸውን ገጾች እየፈለግሁ እስከ እኩለ ሌሊት ተቀመጥሁ። ጠባሳ የለም። ምናልባት ወጋየሁ ሲተርክ ከራሱ ጨምሮ ይሆን ብዬም አሰብሁ፤ ይህን ማሰቤ ራሱ ምን ያህል እንደ ደከመኝ ያሳያል።

መብራቱን ላጠፋ ስነሣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለችውን ፎቶግራፍ አየሁ። እናቴ ከሠርጓ በፊት የተነሣቻት፣ ጥቁርና ነጭ፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ናት። በየቀኑ አቧራዋን እጠርጋለሁ፤ በየቀኑ ስለምጠርጋት ዐይቻት አላውቅም። ወደ አምፖሉ አስጠጋኋት። ከግራ ቅንድቧ በላይ፣ ነጠላዋ ሊሸፍነው ጥቂት የቀረው፣ እንደ ጥፍር ቁራጭ የቀጠነ መስመር አለ።

በልጅነቴ ጣቴን አሳርፌበት አውቃለሁ። «ይሄ ምንድን ነው?» ብዬ ጠይቄያት፣ ማገዶ ለቀማ ሄዳ መውደቋን ነግራኛለች። ይህን ሁሉ እስከዚያች ሌሊት ረስቼው ነበር። ከእኔ ይልቅ የረሳሁት ነገር ያስደነገጠኝ ይህ ነው፦ አባቴ ያን ጊዜ ግቢው ውስጥ ጀሪካን ላይ ተቀምጦ ወጋየሁን ሲሰማ፣ ሰብለን ለመሥራት ሩቅ አልሄደም። ሽንኩርት እየላጠች አጠገቡ ነበረች።

ለአባቴ ምንም አልነገርሁትም። እሱም ነገሩን አላነሣውም፤ ከልቡ የመጽሐፉ መስሎት ይሁን፣ ወይም ዐውቆ ያለው ይሁን እስካሁን አልለየሁትም።

በሚቀጥለው ክፍል ብቻችንን ነበርን። ድራማው ከተጀመረ ጥቂት እንደ ቆየ አባቴ በእጁ ሶፋውን መታ መታ አደረገ።

«ድምፁን ዝጋውና አንተ ንገረኝ» አለ።

«ንግግሩስ?»

«ንግግሩን ዐውቀዋለሁ።»

ድምፁን ዘጋሁት። ሳሎኑ ጸጥ አለ፤ ከታች የልጆች ጩኸትና የአንድ መኪና ጥሩንባ ብቻ ይሰማል። ጉሮሮዬን ጠራረግሁ፤ ከመስኮት በስተጀርባ «ቀጣይ» እያልሁ ደንበኛ ስጠራ የሚወጣው ድምፄ ወጣ፤ እንደገና ጠራረግሁ። በቴሌቪዥኑ ላይ ሰዎች አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ።

«ሰብለ ገባች» አልሁ።

«ምን ለብሳለች?»

ቴሌቪዥኑን አየሁ። ከዚያ ፎቶግራፏን አየሁ።

«ነጠላ ነው» አልሁት፤ «ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋዋለች። ግን አልሸፈነውም።»